የሟች ድርሻ፦ የጥንቱን የስኮትላንድ ኑዛዜና የውርስ መዝገብ ስለ ማንበብ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ መናገር ሲገባ፣ ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመታት በፊት በስኮትላንድ ስለ ሞቱ ሰዎች ኑዛዜ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሙያው ባልደረቦች ሁሉ በሚገባ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም በንድፍ ሥዕል ላይ ያልተጻፈ ልክ እንዴት ይነበባል የሚለው ነው። በሥዕሉ ላይ የብረቱ ውፍረት አልተጻፈም ማለት ብረት የለም ማለት አይደለም፤ ከሥዕሉ ጋር የሚሄደውን የሥራ ዝርዝር ገልጦ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው። የጥንቱ የስኮትላንድ የውርስ መዝገብም እንደዚሁ ነው። የተወው ነገር ብዙ ነው፤ የተወበትም ምክንያት በመዝገቡ ውስጥ ሳይሆን መዝገቡን ባስጻፈው ሕግ ውስጥ ይገኛል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌ ያህል በምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ፋይፍ በሚባለው አገር፣ አንድ አነስተኛ ባለ ርስት በ1674 ሞተ እንበል። ምሳሌው ነገሩን ለማስረዳት የተበጀ እንጂ የአንድ የታወቀ ቤተ ሰብ ታሪክ አይደለም፤ ዓይነቱ ግን በየመዝገቡ የሚያጋጥም ነው። ከብዙ ትውልድ በኋላ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ አንድ ሰው የዚህን ባለ ርስት ኑዛዜ አገኘ። በኑዛዜው ውስጥ ሚስትና አራት ልጆች በስም ተጠርተዋል። በቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀት መዝገብ ላይ ግን ልጆቹ አምስት ናቸው፤ የጎደለውም በኩሩ ወንድ ልጅ ነው። ተመራማሪው ይህን ባየ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይገምታል፤ ወይ በኩሩ በልጅነቱ ሞቷል፣ ወይ አባቱ ተጣልቶት ከውርስ ነቅሎታል። የመጀመሪያውን ከመረጠ በልጁ ስም አጠገብ መስቀል ያደርግና ያልፋል። ሁለተኛውን ከመረጠ ደግሞ ያልነበረ የቤተ ሰብ ጠብ ይፈጥራል፤ ታሪኩም ለልጅ ልጅ ሲወራ ይኖራል። ከሁሉ የሚከፋው ተመራማሪው ራሱ የዚያ በኩር ተወላጅ ሲሆን ነው። በዚህ ጊዜ የገዛ አባቱን ቅርንጫፍ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ስሙ ብቻ በሚመሳሰል በሌላ ቤተ ሰብ ላይ ራሱን ይቀጥላል።

በኩሩ ግን አልሞተም፤ አልተነቀለምም። እንዲያውም በኑዛዜው ውስጥ ስሙ ያልተጠራው ዋናውን ሀብት የወሰደው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

የስኮትላንድ ሕግ ንብረትን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን መሬትን፣ ቤትን፣ ወፍጮንና በመሬት መያዣነት የተሰጠን ብድር ይጨምራል። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ ከብት፣ እህል፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የቤት ዕቃ፣ ጥሬ ገንዘብና ተራ ብድር በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እስከ 1868 ድረስ አንድ ሰው በኑዛዜ ሊሰጥ የሚችለው ተንቀሳቃሹን ብቻ ነበር። መሬት በኑዛዜ አይሰጥም፤ በሕግ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ወንድ ልጅ ከሌለ ሴቶቹ ልጆች እኩል ይካፈሉታል። የ1868ቱ ሕግ ሰው መሬቱን በኑዛዜ እንዲሰጥ ከፈቀደ በኋላም ቢሆን፣ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው መሬት እስከ 1964 ድረስ ለበኩሩ ሲተላለፍ ቆይቷል።

ስለዚህ ከ1868 በፊት በተጻፈ ኑዛዜ ውስጥ መሬት የሚፈልግ አንባቢ በከንቱ ይደክማል። በንብረቱ ዝርዝር ላይ ስድስት ላሞችና አንድ የነሐስ ድስት ብቻ የተመዘገበለት ሰው ድኻ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ሰውዬው የሦስት መንደር ጌታ ሊሆን ይችላል። በኩሩ መሬቱን ስለ ወሰደ ከተንቀሳቃሹ ንብረት የልጆች ድርሻ ከሚባለው አይካፈልም። ልካፈል ካለ መሬቱንም አምጥቶ ከጋራው ሀብት ጋር መቀላቀል አለበት፤ ይህም ብዙ ጊዜ አይጠቅመውም። በዚህ ላይ የባለ ርስት ወራሽ ከየዓይነቱ ዕቃ ምርጡን፣ ማለት ምርጡን በሬ፣ ምርጡን አልጋ፣ ምርጡን ማረሻ፣ ከክፍያው በፊት የማንሣት መብት ነበረው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነጥብ በተለይ አሳሳች ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ወንዱም ሴቱም፣ ታላቁም ታናሹም ከአባትና ከእናት ወገን ርስት ይገባኛል ይል ነበር። ስለዚህ በክፍያ ላይ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ቢገኝ አንድ ነገር ሆኗል ብሎ መጠርጠር ከዚሁ ልማድ የሚመጣ ነው። በስኮትላንድ ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በኑዛዜው የሚጠሩት ርስት የማይደርሳቸው ናቸው።

ተንቀሳቃሹም ንብረት ቢሆን ሟቹ እንደ ፈቀደ የሚያዝበት አልነበረም። ሚስትና ልጆች ካሉት ከዕዳ የጠራው ሀብት በሦስት እኩል ይከፈላል፤ አንዱ እጅ ለመበለቲቱ፣ አንዱ እጅ ለልጆቹ፣ ሦስተኛው እጅ ደግሞ የሟች ድርሻ ይባላል። ሚስት ብቻ ወይም ልጆች ብቻ ከኖሩ ክፍያው በሁለት ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ሁሉም የሟች ድርሻ ነው። ሰውዬው በኑዛዜው የሚያዝበት የሟች ድርሻ የተባለውን ብቻ ነው። እንግዲህ በፋይፉ ምሳሌ የከብቱ፣ የእህሉና የዕቃው ግምት 900 ፓውንድ፣ ከሌሎች የሚፈለገው ብድር 120 ፓውንድ፣ ሟቹ የነበረበት ዕዳ 420 ፓውንድ ነው እንበል። የጠራው 600 ፓውንድ ይሆናል። መበለቲቱ 200፣ አራቱ ልጆች በአንድነት 200፣ ማለት እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ይደርሳቸዋል። የቀረውን 200 ፓውንድ ሟቹ ለወደደው ይሰጣል። በኑዛዜው ላይ «ለእህቴ ልጅ መቶ መርክ» የሚል ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፣ ሰውዬው ሚስቱን ረስቶ ለእህቱ ልጅ አዳላ ማለት አይደለም። የሚስቱ ድርሻ በሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ መጻፍ አላስፈለገውም። ይህ የሚስትና የልጆች መብት በስኮትላንድ ሕግ እስከ ዛሬም ጸንቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል መጨመር ይገባል። የተጠቀሰው ፓውንድ የስኮትላንድ ፓውንድ ነው። ሁለቱ ዘውዶች በአንድ ንጉሥ ሥር ከዋሉበት ከ1603 አንሥቶ 12 የስኮትላንድ ፓውንድ ለ1 የእንግሊዝ ፓውንድ ይመነዘር ነበር። 600ው ፓውንድ እንግዲህ 50 የእንግሊዝ ፓውንድ ብቻ ነው። መርክ የሚባለው ደግሞ የስኮትላንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ መቶ መርክ 66 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይሆናል። ከ1707ቱ ውሕደት በኋላ የስኮትላንድ ገንዘብ ቢቀርም ሰዎቹ በሒሳባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ይጠቀሙበት ነበር። ይህን ያላስተዋለ ተመራማሪ የቀድሞ አባቱን በአሥራ ሁለት እጥፍ ያበለጽገዋል፤ ብዙዎችም አበልጽገዋል።

የእህሉ መስፈሪያ ከዚህ ይብሳል። 4 ፔክ 1 ፈርሎት፣ 4 ፈርሎት 1 ቦል፣ 16 ቦል 1 ቻልደር ይሆናል። የስንዴው ፈርሎትና የገብሱ ፈርሎት ግን አንድ አይደሉም። በ1618 በተደነገገው መስፈሪያ የስንዴ ቦል ወደ 145 ሊትር ሲይዝ የገብስና የአጃ ቦል ወደ 210 ሊትር ይይዛል። ሰው በጸደይ ወይም በበጋ ከሞተ የተዘራው እህል ገና መሬት ላይ ስለሚሆን ገማቾቹ የሚመዘግቡት ምርቱን ሳይሆን ዘሩን ነበር፤ ከዚያም «በሦስተኛው እህል ተገመተ» ብለው ይጨምሩበታል። ትርጉሙ አንድ ቦል ዘር ሦስት ቦል ይሰጣል ማለት ነው። 20 ቦል አጃ ተዘርቶ እንደ ሆነ 60 ቦል ተብሎ ይያዛል። ይህች አጭር ሐረግ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ የዚያን ዘመን ኑሮ ትናገራለች። ከሦስቱ እጅ አንዱ ለመጪው ዓመት ዘር ሲቀመጥ፣ አንዱ ለመሬቱ ጌታ ሲከፈል፣ ለቤተ ሰቡ ቀለብ የሚተርፈው አንዱ ብቻ ነው።

ስለ ሰነዱ ዓይነት ደግሞ ይህን ማወቅ ያሻል። በስኮትላንድ ቴስታመንት የሚባለው ጠቅላላ ሰነድ ሁልጊዜ ኑዛዜ ማለት አይደለም። ሟቹ ተናዝዞ ከሆነና አስፈጻሚውን ራሱ ከሰየመ፣ ሰነዱ ቴስታመንት ቴስታመንታር ይባላል። ሳይናዘዝ ከሞተ ግን ፍርድ ቤቱ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ አጣሪ የሚባለውን ዓይነት ሰው ይሾማል፤ ይኸኛው ቴስታመንት ዴቲቭ ይባላል። በዚህ ሰነድ ውስጥ የሟቹ ቃል አንድም የለም። የተሾመውም ሰው ዘመድ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲል የተሾመ አበዳሪ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ከሰነዱ ግርጌ የሚጠራው ዋስ ብዙ ጊዜ አማች ወይም አጎት ሆኖ ይገኛልና ስሙን ማለፍ ጉዳት አለው። ሹመቱም የሞት ማግሥት የሚፈጸም አይደለም። ከሞቱ አሥርና ሃያ ዓመት ዘግይቶ የተመዘገበ አለ፤ ቀድሞ የተረሳ ንብረት ሲገኝም «ኢክ» የሚባል ተጨማሪ ዝርዝር ይታከልበታል። በሞቱ ዓመት ፈልጎ ያጣ ሰው ወደ ፊት መቀጠል ይኖርበታል። ለነገሩ አብዛኛው ሕዝብ ምንም ዓይነት ቴስታመንት ሳይኖረው ሞቷል።

ከ1560ው የሃይማኖት ለውጥ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት የቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶች ነበሩ። በኋላ ኮሚሰሪ የተባሉ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ፤ የኤደንብራው በ1564 ሥራ ጀመረ። የግዛታቸው ወሰን ግን የጥንቱን የጳጳሳት ሀገረ ስብከት የተከተለ በመሆኑ ከአውራጃው ወሰን ጋር አይገጥምም። የፋይፍ አብዛኛው ክፍል በቅዱስ እንድርያስ ኮሚሰሪ ሥር ነበር፤ ከስኮትላንድ ውጭ የሞተ ስኮትላንዳዊ ጉዳይ ደግሞ ወደ ኤደንብራው ይሄዳል። ከ1824 ጀምሮ ሥልጣኑ ወደ ሸሪፍ ፍርድ ቤቶች ተላለፈ። መዛግብቱ ዛሬ በኤደንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ከተረፉት ጥንታውያን የሆኑት ከ1513 ይጀምራሉ። ቅጂዎቻቸው በኮምፒውተር ስለሚታዩ ተመራማሪው ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ችግሩ ሰነዱን ማግኘት ሳይሆን ካገኙት በኋላ ማንበብ ሆኗል።

የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዓመት የጸሐፊ እጅ ለዛሬ ዓይን የተጠላለፈ ክር ይመስላል። ዛሬ የቀረች አንዲት ፊደል በኅትመት ጊዜ በ«ዜድ» ስለ ተተካች ሚንጊስ ይባል የነበረው የቤተ ሰብ ስም መንዚስ ተብሎ ይነበባል። ይህ ግን በልምምድ የሚሸነፍ ነው። የሚያደናግሩት የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። «ኔቮይ» የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጅም ሊሆን ይችላል። «ጉድ ፋዘር» ደግ አባት ሳይሆን አማት ነው። «ብራዘር ጀርመን» ከጀርመን አገር የመጣ ወንድም ሳይሆን የእናትም የአባትም ልጅ የሆነ ወንድም ማለት ነው። «ናቹራል» የተባለ ልጅ ብቻውን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ዲቃላ ነው፤ «ሕጋዊና ናቹራል» ሲባል ግን በጋብቻ የተወለደ የአብራክ ልጅ ነው። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ በአባቷ የቤተ ሰብ ስም እንደ ተጠራች ትሞታለች። ይህን ልማድ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግሊዞችን ግን ግራ ሲያጋባቸው ይታያል።

ከቃላቱ ሁሉ ታላቅ ፍሬ ያላት አንዲት ትንሽ መስተዋድድ ናት። ሟቹ «የእገሌ መንደር» ተብሎ ከተጠራ ባለ ርስት ነው፤ «በእገሌ መንደር» ከተባለ ግን ብዙውን ጊዜ ጭሰኛ ነው። በአማርኛ በ«የ» እና በ«በ» መካከል ያለው ልዩነት በስኮትላንድ መዝገብ የጌታና የጭሰኛ ልዩነት ነበር። ለቤተ ሰብ ታሪክ ጥናት መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሟቹ ባለ ርስት ከሆነ ስሙ ያልተጠራውን በኩር በመሬት መዝገብ ውስጥ መፈለግ ይገባል። ጭሰኛ ከሆነ ግን የሚወረስ መሬት ስለሌለ የበኩሩ መቅረት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በእርግጥ ሞቶ ይሆናል፤ ወይም አስቀድሞ ድርሻውን ተቀብሎ ወጥቶ ይሆናል። ጥሎሽ ተሰጥቷት በጋብቻ ውሏ ላይ የልጅነት ድርሻዋን የለቀቀች ሴት ልጅም እንዲሁ ከዝርዝሩ ትጎድላለች።

ስለ ቀን አቆጣጠር የሚያጋጥመው እንቅፋት ለዚህ ጉባኤ አዲስ አይሆንም። እስከ 1599 መጨረሻ ድረስ በስኮትላንድ ዓመቱ የሚለወጠው በእነርሱ ማርች 25 ቀን ነበር። ከ1600 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው በዲሴምበር 1588 ተናዝዞ በፌብሩዋሪ 1588 ሞተ የሚል ሰነድ ቢገኝ፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ተናዘዘ ማለት አይደለም፤ ፌብሩዋሪው በዛሬው አቆጣጠር የ1589 ነው። መስከረም አንድ ቀን ዓመቱን እየለወጠ ከአውሮፓውያን ጋር የሚጻጻፍ ሰው ይህን ስሕተት ለመሥራት አይቸኩልም።

ፊርማም እንደ ቀን ሁሉ ያሳስታል። መጻፍ የማይችል ሰው በሰነድ ላይ ሲፈርም ውል ጸሐፊዎች እጁን በብዕሩ ላይ መርተው ይጽፉለት ነበር፤ ስለዚህ ይህን ሐረግ ያየ ሁሉ ሟቹ ማይም ነበር ይላል። በ1614 የሎጋሪዝምን ሰንጠረዥ ለዓለም ያበረከተው ጆን ኔፒየር በ1617 በኤደንብራ አጠገብ በመርኪስተን ሲሞት በኑዛዜው ላይ የፈረመው በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ ሕመሙ ጸንቶበት መጻፍ አልቻለም። በስላይድ ሩል የተማረ መሐንዲስ ሁሉ ባለ ዕዳው የሆነለት ሰው፣ ሐረጉን እስከ መጨረሻ ባላነበበ ተመራማሪ ዘንድ ፊደል ያልቆጠረ ሆኖ በቀረ ነበር።

ባለ ርስቶች መሬትን በኑዛዜ አለመስጠት የሚለውን ሕግ የሚያልፉበት ዘዴ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በሕይወት ሳሉ መሬቱን በውል ለሌላ ያስተላልፉና እስከ ዕለተ ሞታቸው የመጠቀም መብቱን ለራሳቸው ያስቀራሉ። እንዲህ ያለው ውል ኑዛዜ ስላልሆነ በኮሚሰሪው መዝገብ አይገኝም፤ ከ1554 ጀምሮ ባለው የከፍተኛው ፍርድ ቤት የውል መዝገብ ውስጥ ይፈለጋል። ሕጉም ለዚህ አጥር ሠርቶለት ነበር። በሞት ፍራሽ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ውል ያደረገ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ከሞተ ወራሹ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ሆኖም ሰውዬው ከውሉ በኋላ ያለ ደጋፊ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ ሄዶ ከታየ ውሉ ይጸናል። አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ልጁን ከርስት ለማስቀረት ሲል ወገቡን ይዞ በገበያ መካከል ሲንጎራደድ በዓይነ ሕሊና ይታያል። ሕጉ የተሻረው በ1871 ነው።

የዕዳው ዝርዝርም እንደ ተራ ሒሳብ መታለፍ የለበትም። ሟቹ የነበረበት ዕዳ ሲቆጠር የመሬቱ ኪራይ፣ የአንጥረኛው ሒሳብ፣ በመጨረሻም የአገልጋዮቹ ደመወዝ ከነስማቸው ይጻፋል። የቤት ሠራተኛዋ፣ ጎልጓዩ፣ ከብት ጠባቂው ልጅ መሬት የላቸውም፤ ኑዛዜ አይጽፉም፤ ደብዳቤም የላቸውም። የብዙዎቹ መኖር በጽሑፍ የታወቀው ጌታቸው የግማሽ ዓመት ደመወዛቸውን ሳይከፍል በመሞቱ ብቻ ነው። በድኻው ወገን የሚወለድ ተመራማሪ እንግዲህ አያቶቹን በሌሎች ሰዎች የዕዳ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። ይህም አድካሚ ሥራ ነው፤ ስም ማውጫዎቹ የሚያወጡት የሟቹን ስም እንጂ የባለ ገንዘቦቹን አይደለም።

ወደ ፋይፉ በኩር ለመመለስ፣ ተመራማሪው አባቱ «የ» ተብሎ መጠራቱን ካስተዋለ የሚሄደው ወደ ሁለት መዝገቦች ነው። አንደኛው ከ1617 ጀምሮ የመሬት መተላለፍ ሁሉ የተመዘገበበት የሴዚን መዝገብ ነው። ሁለተኛው ሪቱር የሚባለው ነው። ወራሹ የአባቱን መሬት ለመረከብ ሲፈልግ በአካባቢው ሰዎች ጉባኤ ፊት ቀርቦ የሟቹ ቅርብና ሕጋዊ ወራሽ መሆኑን ያስመሰክራል፤ የጉባኤው ቃልም ወደ ንጉሡ ጽሕፈት ቤት ይላካል። ሰነዶቹ እስከ 1847 ድረስ በላቲን የተጻፉ ናቸው፤ ከ1652 እስከ 1659 የነበሩት ብቻ በእንግሊዝኛ ናቸው። እስከ 1700 ያሉት ባጭሩ ተጠቃልለው ከ1811 እስከ 1816 በጥራዝ ታትመዋል። ላቲኑም አያስፈራም፤ ቃላቱ ጥቂትና ተደጋጋሚ በመሆናቸው የግዕዝን ዳዊት የደገመ ሰው በሳምንት ይለምዳቸዋል። ወራሹ ወዲያው እንዲቀርብ የሚያስገድደው ስላልነበረ ፍለጋው ከሞቱ ዓመት ብዙ ርቆ ሊሄድ ይችላል። በምሳሌው ውስጥ በ1674፣ በ1675፣ በ1676፣ በ1677 ምንም የለም። በ1678 ላይ ግን የአባቱ ስም፣ የመንደሩ ስም፣ ቀጥሎም «የበኩር ልጁና ወራሹ» ከሚል ቃል ጋር የልጁ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ በጥምቀት መዝገቡ ላይ እንደ ነበረው ሆኖ።